እርጥብ ሣር በሑዳዴ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መድኃኒቴን ገዝቼ ስመለስ ሙቀቱ አላራምድ ቢለኝ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ካለች አንዲት ጁስ ቤት ገብቼ አረፍ አልኩ። መጋቢት ነው። ነቀምቴ በዚህ ወር እንዲህ ናት፤ የዲዴሳ ቆላ ሙቀት ሽቅብ ወጥቶ ከተማው ላይ ጋደም ይላል፣ ባጃጅ ነጂዎች ጥላ ሥር እግራቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ያንቀላፋሉ፣ ባለሱቆች ዕቃው ቢኖራቸውም ከመነሣት «አልቋል» ማለት ይቀልላቸዋል። መብራት ስለጠፋ አስተናጋጇ «አባ ኮ፣ ቀደም ብሎ የተፈጨ ማንጎ ብቻ ነው ያለው፣ ቀዝቃዛም አይደለም» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ቀዝቃዛ ነገር ጥርሴን ከማንቀጥቀጥ ሌላ አይፈይድልኝም ብያት ተቀበልኩ።

ከፊቴ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀምጠው አንድ ስልክ ያያሉ። ልጅቷ ድንገት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችውና፣ የዛሬ ልጆች እንደሚያደርጉት ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ እያደረገች፣ ሽማግሌ መቼ እንደሚልክ ጠየቀችው። ልጁ ማንጎውን ሳብ አደረገና «ፋሲካ ይለፍና» አላት። ዝም አለች። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። በምርኩዜ ቁርጭምጭሚቱን ባልኩት ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን የማያውቁትን የሰው ልጅ መምታት ነውር ነውና ማንጎዬን ጠጣሁ። ብዙም ሳይቆዩ ተነሡ። ዛሬ ዛሬ እዚህ አገር ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሁሉም ወደ ቤቱ ነው፤ መንገዱም እንደ ልብ አይደለም፣ የሰውም ልብ እንደ ልብ አይደለም። እኔ ግቢ አንዷን ክፍል የተከራዩት ከጊዳ አያና ቤታቸውን ጥለው የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ እነሱማ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በራቸውን ይቀረቅራሉ። ማንም አይፈርድባቸውም።

በእኛ ጊዜ ግን የቅዳሜ ምሽት የሚጀምረው እነዚያ ልጆች በተነሡበት ሰዓት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከተማው በሙቀት ተኝቶ ይውልና አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ከጊምቢ መውጫ በኩል ነፋሻ አየር ይመጣል፤ ያኔ በር ሁሉ ይከፈታል። ደጃፍ ላይ ውኃ ይረጫል፣ የአቧራው ሽታ ይነሣል፣ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ያለው ሬዲዮ የአድማጮች ምርጫ ዘፈን ያሰማል፤ ከወዲያ ማዶ የሻይ ቤቱ ቴፕ የኦሮምኛ ዘፈን ይከፍትና ሁለቱ ዘፈኖች መንገዱ መሐል ይጋጫሉ። ወንዱ ቤልቦተም ሱሪውን በካውያ ተኩሶ፣ አፍሮውን አበጥሮ፣ ሚዶውን እንደ ጌጥ ከኋላ ኪሱ ብቅ አድርጎ ይወጣል። ሴቶቹ ጉርድ ቀሚስና እጀ አጭር ሸሚዝ ለብሰው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይሄዳሉ። ሁሉም ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሁሉም ወደ ታች ይመለሳል። ሌላ ሥራ አልነበረም፤ ደግሞስ ምን ሥራ ያስፈልጋል?

ክፍሌ እባላለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር ጨውና አቡጀዲ ይዞ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ነው። እኔ ትንሽ ሳለሁ ሲሞት እናቴ ሱቁን ያዘች። ሰው ሁሉ «ሃደ ክፍሌ»፣ የክፍሌ እናት፣ ነበር የሚላት፤ ስሟን የሚያውቅ ከጥቂት ሰው በቀር አልነበረም። ኦሮምኛዋ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ዋጋ ለመከራከር፣ ለመሳቅና ለማጽናናት ይበቃታል። ሰው አታስቀይምም የምትባል ሴት ናት፤ ከሩቅ የመጣች ባልቴት ሱቅ የምትይዘው በሰው ፊት ነውና ማስቀየም አትችልም ነበር። ሌላው የማይነካ ነገሯ ጾም ነው። ሑዳዴ ሲገባ የእኛ ቤት ድምፁ ራሱ ይቀንሳል።

ጋዲሴን ያወቅኋት ለድሬሰርነት፣ ለቁስል አካሚነት፣ በምትማርበት ጊዜ ነው። አባቷ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ኮታቸውን በዚያ ሙቀት እንኳ የማያወልቁ ሰው። ወንድሞቿ ደግሞ ሁሉም ቁመታቸው የበር መቃን ይነካል። እንግዲህ ከእንዲህ ያለች ልጅ ጋር ጎን ለጎን መሄድ ማለት በማግስቱ ጠዋት የከተማው ሁሉ ቁርስ መሆን ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የነበርን ሁሉ አንድ ብልሃት ነበረን። እሷ በመንገዱ በግራ በኩል ትሄዳለች፣ እኔ በቀኝ፤ እርምጃችንን እኩል አድርገን፣ ሳንተያይ። ጋሪ መሐላችን ሲያልፍ ልቤ ድንግጥ ይላል፣ አልፎ ሲሄድ እሷ እዚያው አለች። ኬክ ቤቱ ስንደርስ እሷ ከጓደኛዋ ጋር አንድ ጠረጴዛ ትይዛለች፣ እኔ ከጀርባዋ ያለውን። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን እናወራለን። ለማያውቅ ሰው እኔ ከሻይዬ ጋር የማወራ እብድ ነበርኩ። ከፊቷ ይልቅ ድምፅዋን ነበር የማውቀው ብል ውሸት አይሆንም።

ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፣ ኬክ ስሙኒ። የመጀመሪያዋ ቅዳሜያችን በሑዳዴ ውስጥ ዋለች። ጋዲሴ ጴንጤ ናትና ጾሙን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ ሊያስደስተኝ ይችላል ያለችውን ትልቁን፣ ላዩ ላይ ነጭ ክሬም የተቆለለበትን ኬክ በአሳላፊው እጅ ወደ ጠረጴዛዬ ላከችልኝ። ምን ላድርግ? ብመልሰው ሴት ልጅ ማሳፈር ነው፣ ብበላው የእናቴ ፊት ይታየኛል። በመሐረቤ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ሙቀቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ክሬሙ አዲሱን የቴትሮን ሱሪዬን አልፎ ጭኔ ላይ ይወርድ ጀመር፣ እሷም ከመንገዱ ማዶ ያንን አይታ ምን እንደሆነ ሲገባት መሐል መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች። እዚያች ላይ ነው የወደድኳት። ከዚያ በኋላ በጾም ወቅት እሷም እንደ እኔ ጥቁር ሻይ ብቻ ታዝ ነበር፤ ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፣ ነግራኝም አታውቅም።

እንዲህ እያልን ዓመቱ ዞረና ሌላው ሑዳዴ መጣ። ያ ዓመት የበጋው ጠራራ የከፋ ነበር። ሣር ሁሉ ቢጫ ሆኖ ነበር፣ ከብቶች ወደ ወንዝ ዳር ወርደው አይመለሱም፣ ሰው ቀኑን ደጃፉ ላይ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ ይተኛል። አንድ ቅዳሜ ምሽት ኬክ ቤት ጀርባ ለጀርባ እንደተቀመጥን ጋዲሴ ከጊምቢ አንድ ሰው ሽማግሌ መላኩን ነገረችኝ። የቡና ነጋዴ ነው፣ ቤት አለው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ነው፤ አባቷ ወደውታል። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ከጸሎት በኋላ መልስ ሊሰጡ ነው። የአባቷ ቃል ከወጣ ደግሞ ወጣ ማለት ነው።

እኔ ያኔ ሱቅ ውስጥ ከጨውና ከናፍጣ ጋር ያደግሁ ልጅ ነኝ። በእኛ ቤት በሑዳዴ የጋብቻ ወሬ አይነሣም፤ ሽማግሌ መላክ ቀርቶ የሠርግ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ እናቴ ትዘጋዋለች። ይህን ነገር እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት ነው የማየው፣ ሊለወጥ ይችላል ብዬ ማሰብ አልችልም። ስለዚህ ያለኝን መልስ ሰጠሁ። ፋሲካ ይለፍና እናቴን አናግራለሁ፣ ሽማግሌም እልካለሁ አልኳት። ፋሲካ ገና ሳምንታት ይቀሩታል። ከኋላዬ ወንበሩ ተንቀሳቀሰ። ስዞር ጋዲሴ ሄዳለች፤ ከመንገዱ በግራ በኩል እየሄደች ነበር፣ በቀኝ በኩል ማንም አልነበረም።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። የሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ የማርያም ማኅበር ተረኛ ነበረችና ለእሑድ ቤቱን ስታሰናዳ ዋለች። ሁሉ ነገር ሞልቶላት ሣር ብቻ ጠፋ። ሣር የምታመጣላት ሴትዮ «ሃደ ክፍሌ፣ የትም የለም፣ ምድሩ ደርቋል» ብላ ባዶ እጇን መጣች። እናቴ ሣር ያልተጎዘጎዘበት ማኅበር እንዴት ይሆናል እያለች ስታጉረመርም፣ እኔ ከፊት በኩል ካለው ሱቅ እሰማታለሁ። አሥር ሰዓት ገደማ ጋዲሴ በጓሮ በር ገባች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታለች፣ በሁለት እጇ እርጥብ ሣር ይዛለች። ጠዋት ተነሥታ እስከ ወንዝ ድረስ ወርዳ ያጨደችው ነው፤ ሥሩ ላይ ገና ጭቃ አለበት። ከመሐል ምሰሶው አጠገብ ሄዳ ቆመች፣ ሣሩን ወደ ፊቷ ዘርግታ፣ አንድም ቃል ሳትናገር።

እናቴ ያየችው ሣሩን ብቻ ነው። ፊቷ በራ። «ልጄ፣ ማርያም ናት የላከችሽ» ብላ ሣሩን ከእጇ ተቀብላ፣ ግንባሯን ስማ፣ እዚያው ቁጭ ብላ ወለሉ ላይ ትጎዘጉዝ ጀመር። የማን ልጅ እንደሆነች፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ እየጠየቀች፣ መልስ ሳትጠብቅ እየመረቀች። ጋዲሴ ባዶ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። እኔ በሱቁ በር በኩል አየኋት። እዚያው አገር ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ ያንን የሣር ሥርዓት በወሬ ብቻ ነበር የማውቀው፤ በዓይን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጎረቤታችን አኮ ዲንቄ፣ ወንፊታችንን ተውሰው ነበርና፣ ሊመልሱ ገቡ። አኮ ማለት አያት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ሁሉ አያት ነበሩ። የቆመችውን ልጅ አዩ፣ ባዶ እጆቿን አዩ፣ ወለሉ ላይ ያለውን ሣር አዩ። ወንፊቱን ቀስ ብለው አስቀምጠው ልጅቷን በኦሮምኛ ሣሩ የማን እንደነበረ ጠየቋት። የእኔ ነው አለች። ማን ተቀበለሽ አሏት። በዓይኗ እናቴን አሳየች። አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ለእናቴ በቀስታ፣ ቃሉን ከቃሉ እየለዩ ነገሯት። በቀድሞው ሥርዓት ሴት ልጅ ወደማትፈልገው እንዳትሰጥ ስትፈራ እርጥብ ሣር ይዛ ወደምትፈልገው ሰው ቤት ትገባለች፤ አሴና ይባላል፣ መግባት ማለት ነው። የቤቱ እናት ሣሩን ከተቀበለቻት ልጅቷ የዚያ ቤት ሆነች። ካልተቀበለቻት ግን ወደ አባቷ ቤት መመለስ አትችልም፣ ሌላም ሰው አይጠይቃትም። ይህንን ደግሞ አሁን ሰው ትቶታል፣ እኔም ካየሁት ዘመን ሆኖኛል አሉ።

እናቴ እጇ ሣሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ለማኅበሩ መስሏት እንደተቀበለች፣ እንደማታውቅ ተናገረች። ሣሩን ልመልስላት ወይ ብላ ጠየቀች።

«ሃደ ክፍሌ፣ የፈሰሰ ውኃ ይታፈሳል?» አሉ አኮ ዲንቄ። «ግን አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ሥርዓቱን አታውቂም። አላወቅሁም ካልሽ የሚፈርድብሽ የለም።»

አሮጊቷ እውነታቸውን ነው። በሩ ተከፍቶላት ነበር። አላወቅሁም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ የከተማው ሰው ይስቃል፣ ይረሳል፣ ሱቋም በሰላም ይቀጥላል። ልጅቷን ካስገባች ግን የአባቷን ፊትና የወንድሞቿን ቁጣ ትጋፈጣለች፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሰው ሁሉ ታጣለች፤ ከደንበኞቿ ግማሹ እነሱ ናቸው። ያውም ሃይማኖቷ ሌላ የሆነች ልጅ፣ ያውም በጾም፣ ያውም በማርያም ዋዜማ። ይህ ሁሉ በእናቴ ፊት ላይ ሲያልፍ አየሁ። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። ያየችው ጋዲሴን ነው።

«ነይ ያለሽ እሱ ነው?» አለቻት።

«አይደለም እማማ። እሱማ ፋሲካ ይለፍ ነው ያለኝ» አለች ጋዲሴ።

እናቴ አንዴ ወደ እኔ ዞር ብላ ተመለከተችኝ። «የአባቱ ልጅ ነው» አለች። «አባቱም እኔን ለማግባት አዝመራ ይግባ፣ ዝናብ ያባራ ሲል እርጅና ሊደርስብኝ ነበር።» ከዚያ ተነሥታ በነጠላዋ ጫፍ በልጅቷ እጅ ላይ ያለውን ጭቃ ጠረገችላትና፣ «በጾም ሠርግ የለም። በጾም ግን ደጄ የመጣ ሰው አይመለስም። ቁጭ በይ፣ ብዙ ቆመሻል» አለቻት። ጋዲሴ ምሰሶው ሥር ተቀመጠች፤ እስከዚያ ያልወጣ እንባዋ ያኔ ወጣ። አኮ ዲንቄም አለቀሱ። እኔ በሩ ላይ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። ዛሬም ሳስበው ደረቴ ይሞላል፤ እናቴን ያን ቀን የወደድኳትን ያህል ወድጃት አላውቅም።

የጋዲሴ ታላቅ ወንድም ገመቹ የመጣው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። ከሩቅ ቁመቱን አየሁና ልወጣ ስል እናቴ በክንዷ ገፍታ ወደ ኋላ መለሰችኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ራሷ ደጅ ወጣች። ገመቹ የሚያከብራት ሰው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከሱቋ ከረሜላ ገዝቶ ያደገ። ባርኔጣውን አወለቀና፣ እህታችን እዚህ መጥታለች ይባላል፣ አባቴ አምጣት ብሎኛል፣ ልወስዳት ነው አለ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ከውስጥ የጋዲሴ ትንፋሽ ይሰማኛል።

እናቴ በዚያ የገበያ ኦሮምኛዋ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «የእናንተን ልጅ አላየሁም። የእኔዋ ግን ውስጥ ናት፣ ደክሟት አረፍ ብላለች» አለችው።

ገመቹ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው። ከዚያ እንደምን ዋልሽ እንኳ አላልኩሽም ብሎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላትና ሄደ። እስከ ፋሲካ ድረስ ጋዲሴና እናቴ በአንድ አልጋ ተኙ፤ እኔ ወደ ሱቅ ተባርሬ በጨው ጆንያ ላይ። አባቷ ለሠርጋችን አልመጡም፤ እኛ ቤት ገብተው ውኃ የጠጡት ከዓመታት በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጃችን እንግዳ ሰው ሳይፈራ ሄዶ እጃቸውን ሲይዛቸው ነው። እናቴ በሕይወት እስከነበረች ድረስ እሷን «ጋዲሴ» ብላ ጠርታት አታውቅም፣ «ልጄ» ነው። እኔን ግን በስሜ ነበር የምትጠራኝ።

ጋዲሴ ያን ቅዳሜ በገባችበት ቤት ከአርባ ዓመት በላይ ኖረች። ሌላ ቤት አላወቀችም። ከዚያ በር ለመጨረሻ ጊዜ የወጣችው ካቻምና ነው፣ በሰው ትከሻ፤ ከፊት ተሸክሟት የሄደው ሽበታም ሰውዬ ገመቹ ነው።